ምዕራፍ አምስት፦ ውኃ የሚገፋቸው ሞለኪውሎች

ቅቤ፣ የኑግ ዘይት፣ የበግ ላት፣ የንብ ሰም፣ ኮሌስትሮል፣ ቫይታሚን ዲ እና እያንዳንዱን ሕዋስ የከበበው ስስ ሽፋን በመልክም በሥራም የሚገናኙ አይመስሉም። ሥነ ሕይወት ግን ሁሉንም ሊፒድ በሚባል አንድ ወገን ውስጥ ያስገባቸዋል። በምዕራፍ ሦስትና አራት የታዩት ወገኖች የሚለዩት በተሠሩበት ጡብ ነው፤ ስታርች ከስኳር፣ ፕሮቲን ከአሚኖ አሲድ ይገጣጠማል። ሊፒዶች እንዲህ ያለ የጋራ ጡብ የላቸውም። አንድ ወገን ያደረጋቸው በውኃ አለመሟሟታቸው ነው።

ይህ ጠባይ ሲያዩት ተራ ነገር ይመስላል። ሆኖም ሕዋስ ውስጡን ከውጭው የሚለየው፣ እንስሳ የወራት ስንቁን ተሸክሞ የሚጓዘው፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን ሳንባው ሳይጣበቅ አየር የሚስበው በዚሁ ጠባይ ነው። የልብ ሕመም የሚያስከትለው የኮሌስትሮል ክምችትም ቢሆን መነሻው እዚሁ ነው።

ገፊው ውኃው ነው

በምዕራፍ ሁለት እንደተገለጸው የውኃ ሞለኪውል ሁለት ወገን አለው። ኦክስጅኑ ኤሌክትሮኖችን ወደ ራሱ ስለሚስብ በጥቂቱ ኔጌቲቭ፣ ሃይድሮጅኖቹ ደግሞ በጥቂቱ ፖዘቲቭ ይሆናሉ። ስለዚህ የአንዱ ሞለኪውል ሃይድሮጅን የጎረቤቱን ኦክስጅን ይይዛል፤ ማሰሪያው ያለማቋረጥ እየተፈታ እንደገና ይታሰራል። ጨውና ስኳር በውኃ የሚሟሙት ለዚህ መያያዝ የሚመች ኤሌክትሪካዊ ጫፍ ስላላቸው ነው።

የቅባት ሞለኪውል ትልቁ ክፍል ግን ካርቦንና ሃይድሮጅን ብቻ ነው። እነዚህ ሁለት አቶሞች ኤሌክትሮኖቻቸውን ከሞላ ጎደል እኩል ስለሚካፈሉ ውኃው የሚይዘው ጫፍ አያገኝም። ቅባቱን የከበቡት የውኃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ መያያዛቸውን ላለማጣት ሲሉ በተወሰነ አቅጣጫ ብቻ ለመቆም ይገደዳሉ፤ እንደ ልብ መገላበጥ ይቀርባቸዋል። ሁለት የቅባት ጠብታዎች ገጥመው አንድ ሲሆኑ ለውኃ የሚጋለጠው ገጽ ያንሳል፤ በዚያው ልክ የታገዱት የውኃ ሞለኪውሎች ነፃ ይወጣሉ። ዘይት በውኃ ላይ የሚሰበሰበው ለዚህ ነው። ቅባት ውኃን ይሸሻል ማለት የተለመደ አነጋገር ቢሆንም፣ ሥራውን የሚሠራው እርስ በርሱ የተሳሰረው ውኃ ነው።

በኢትዮጵያ ቤቶች ይህን ከቅቤ ሥራ አብልጦ የሚያሳይ የለም። በላም ወተት ውስጥ ያለው ቅባት በዓይን በማይታዩ ጠብታዎች የተበተነ ነው፤ የአንዱ ጠብታ ስፋት የሚሊሜትር ጥቂት ሺኛ ያህል ነው። ጠብታዎቹ ገጥመው አንድ እንዳይሆኑ የሚያግዳቸው እያንዳንዳቸውን የጠቀለለው ስስ ሽፋን ነው፤ ይህን ሽፋን የሚያለብሳቸው ወተቱን ያመነጨው የጡት ሕዋስ ነው። እርጎው በቅል ሲናጥ ሽፋኑ ይቀደዳል፤ የተራቆተው ቅባት ከተራቆተ ቅባት ጋር ይገናኛል፤ ውኃውም ገፍቶ ያሰባስበዋል። ቅቤው ተለይቶ ይወጣል፣ ከተቀደደው ሽፋን አብዛኛው ግን በአሬራው ውስጥ ይቀራል። ለጋው ቅቤ ከክብደቱ ከመቶ 16 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ውኃ ይዞ ይቆያል። ሲነጠር ይህ ውኃ ይተንናል፣ ፕሮቲኑም ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ባክቴሪያ ያለ ውኃ ስለማይራባ ንጥር ቅቤ ሳይበላሽ ብዙ ወራት ይከርማል። ኮረሪማና ኮሰረት በሚነጠርበት ጊዜ መጨመራቸውም በኬሚስትሪ ዓይን ትክክለኛ ሥራ ነው፤ የሽታቸው ሞለኪውሎች ከውኃ ይልቅ በቅባት ስለሚሟሙ ከቅቤው ጋር ይኖራሉ። በወጥ ላይ የሚንሳፈፈው ዘይት ቀይ የሚሆነውም የበርበሬ ቀለም እንዲሁ በቅባት ስለሚሟሟ ነው።

ቀጥ ያለውና የታጠፈው

የአብዛኞቹ ሊፒዶች ዋና አካል ፋቲ አሲድ የሚባል ሰንሰለት ነው። ካርቦኖች ተከታትለው ይያያዛሉ፤ በየጎናቸው ሃይድሮጅን ይሸከማሉ። በምግብ ውስጥ ከሚገኙት ሰንሰለቶች ብዙዎቹ 16 ወይም 18 ካርቦን አላቸው። በአንደኛው ጫፍ ላይ ብቻ ውኃ ሊይዘው የሚችል የአሲድ ራስ አለ። ሦስት ፋቲ አሲዶች ግሊሰሮል ከሚባል ትንሽ ሞለኪውል ጋር በራሳቸው በኩል ሲያያዙ ትራይግሊሰራይድ ይሆናሉ፤ ቅቤም ዘይትም ሞራም በአብዛኛው ትራይግሊሰራይድ ናቸው። ይህን የገለጠው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ኤዠን ሸቭረል ነው። ሸቭረል ከሳሙና ተነሥቶ ወደ ኋላ እየተከታተለ ቅባት የግሊሰሮልና የፋቲ አሲዶች ጥምር መሆኑን አሳየ፤ ጥናቱንም እ.ኤ.አ. በ1823 በመጽሐፍ አወጣው።

ታዲያ ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆኑ ቅቤ የሚረጋው፣ ዘይት የሚፈሰው ለምንድን ነው? በአንዳንድ ሰንሰለቶች ውስጥ ሁለት ጎረቤታም ካርቦኖች አንድ አንድ ሃይድሮጅን ጥለው እርስ በርስ በድርብ ይያያዛሉ፤ በዚያ ቦታ ላይ ሰንሰለቱ ይታጠፋል። ድርብ ማሰሪያ የሌለው ሰንሰለት የሚችለውን ያህል ሃይድሮጅን ስለያዘ ሳቹሬትድ ይባላል፤ ያለው ደግሞ አንሳቹሬትድ። ቀጥ ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ እንጨት ተደርድሮ ሲታሰር ሸክሙ ጥብቅ ይላል፣ በመካከሉም ክፍተት አይኖርም። ጠማማ የግራር ቅርንጫፍ ግን ገመዱ ምንም ያህል ቢጠብቅ ክፍተት አያጣም፤ ሸክሙ ይላላል። የሳቹሬትድ ሰንሰለቶች እንደ ባሕር ዛፉ እንጨት ተጠጋግተው ይደረደራሉ፤ እነሱን ለማላቀቅ ብዙ ሙቀት ያስፈልጋል። የታጠፉት አይደራረቡም፤ በትንሽ ሙቀት ይፈሳሉ።

ቁጥሩ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በሞራ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ስቴሪክ አሲድ 18 ካርቦን ያለው ቀጥ ያለ ሰንሰለት ነው፤ የሚቀልጠው በ70 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ ነው። የወይራ ዘይት ዋና ክፍል የሆነው ኦሌይክ አሲድም 18 ካርቦን አለው፤ አንድ እጥፋት ስላለው ብቻ በ13 ዲግሪ ይቀልጣል። ሁለት እጥፋት ያለው ሊኖሌይክ አሲድ ደግሞ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ አይረጋም። በርዝመት እኩል የሆኑትን ሦስቱን ሰንሰለቶች የሚለያያቸው የጥቂት ሃይድሮጅን መጉደል ነው። የኑግ ዘይት ከግማሽ በላይ ሊኖሌይክ አሲድ ስለሆነ በአዲስ አበባ ብርድ ማለዳም ይፈሳል። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ስለሆነ ደጋ ላይ በጀሪካኑ ውስጥ ይረጋል፤ ድሬዳዋ ሲደርስ ይፈታል።

ፈሳሽ ዘይት በፋብሪካ እንዲረጋ ማድረግም ይቻላል። ጀርመናዊው ቪልሄልም ኖርማን እ.ኤ.አ. በ1902 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ዘዴ በዘይት ውስጥ ሃይድሮጅን በመንፋት ድርብ ማሰሪያዎቹን ይሞላል። ሥራው በከፊል ሲቀር ግን ከተረፉት ድርብ ማሰሪያዎች አንዳንዶቹ አቀማመጣቸውን ይለውጣሉ፤ ሰንሰለቱ ድርብ ማሰሪያ እያለው ቀጥ ይላል። ይህ ትራንስ ፋት የሚባለው ነው። የልብ ሕመምን እንደሚያባብስ ከታወቀ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 አገሮች በፋብሪካ የሚመረተውን ትራንስ ፋት ከምግብ እንዲያስወግዱ ጠየቀ።

የሰው አካል አብዛኞቹን ፋቲ አሲዶች ራሱ ይሠራል፤ ሁለቱን ግን አይችልም። ጆርጅና ሚልድሬድ በር የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1929 እና 1930 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ባወጡት ሥራ፣ ቅባት ፈጽሞ የሌለበት ምግብ የተሰጣቸው አይጦች እድገታቸው እንደሚቆምና ቆዳቸው ቅርፊት እንደሚያወጣ አሳዩ። አይጦቹን ያዳናቸው ሊኖሌይክ አሲድ ነበር፤ ሁለተኛው አስፈላጊ ሰንሰለት አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ ነው። ቅቤና ሥጋ በማይበላበት የጾም ወቅት የመጀመሪያውን ኑግና ሱፍ በብዛት ይሰጣሉ። ሁለተኛው በእነዚህ ውስጥ እምብዛም አይገኝም፤ የተልባ ዘይት ግን ግማሽ ያህሉ እሱ ነው። ተልባ በጾም ማዕድ ላይ ከሚሰጠው ክብር በላይ ይገባዋል።

ስንቅ

አንድ ግራም ቅባት በአካል ውስጥ ሲቃጠል 9 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይሰጣል፤ አንድ ግራም ስታርች ወይም ፕሮቲን 4 ብቻ። ልዩነቱ የሚመጣው ከኦክስጅን ነው። ስኳር በውስጡ ብዙ ኦክስጅን ስላለው በከፊል የተቃጠለ ያህል ነው፤ የቅባት ሰንሰለት ግን ከጫፉ በስተቀር ገና ያልተነካ ካርቦንና ሃይድሮጅን ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ጥቅም ግን ውኃ አለመያዙ ነው። በምዕራፍ ሦስት የታየው የእንስሳት ስታርች፣ ግላይኮጅን፣ ውኃ ወዳድ ስለሆነ እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። 70 ኪሎ የሚመዝንና 12 ኪሎ ንጹሕ ቅባት ያለው ሰው በስቡ ውስጥ ከ100,000 ኪሎ ካሎሪ በላይ ይዟል። ይህንኑ ጉልበት በግላይኮጅን ልያዝ ቢል 27 ኪሎ ግላይኮጅን ከ81 ኪሎ ውኃ ጋር መሸከም ይኖርበታል፤ ክብደቱም 166 ኪሎ ይደርሳል። ሰው በእውነት የሚይዘው ግላይኮጅን ግማሽ ኪሎ ያህል ነው፤ ከአንድ ቀን ብዙም አያልፍም። ለረጅም ጊዜ የሚሆነው ስንቅ ስብ ነው። የኢትዮጵያ በጎች በላታቸው፣ ግመልም በሻኛዋ የምታከማቸው ይህንኑ ነው፤ በግመል ሻኛ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ የለም።

ራሱን በራሱ የሚሠራ ግድግዳ

ስለ ቅባት የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ስለ ምግብና ስለ ውፍረት ነው። የሊፒዶች ትልቁ ሥራ ግን ይህ አይደለም። ስብ የሌለው ፍጡር ሊኖር ይችላል፤ ባክቴሪያዎች በአብዛኛው ትራይግሊሰራይድ አያከማቹም። በሊፒድ ሽፋን ያልተከበበ ሕዋስ ግን የለም።

ሽፋኑን የሚሠሩት ፎስፎሊፒዶች ናቸው። ከትራይግሊሰራይድ የሚለዩት በአንድ ነገር ነው፤ ከሦስቱ ሰንሰለቶች አንደኛው ይቀርና በቦታው ፎስፌት ያለበት፣ ኤሌክትሪክ የተሸከመ ራስ ይገባል። ሞለኪውሉ ስለዚህ ሁለት ተቃራኒ ጠባይ አለው፤ ራሱ ከውኃ ጋር ይያያዛል፣ ሁለቱን ጭራዎቹን ውኃ ይገፋቸዋል። እነዚህ ሞለኪውሎች በብዛት ውኃ ውስጥ ሲገቡ ሁለቱንም ጠባይ የሚያስማማ አቀማመጥ አንድ ነው፦ በሁለት ረድፍ መሰለፍ፣ ጭራን ከጭራ ጋር ወደ ውስጥ፣ ራስን ወደ ሁለቱ ውጫዊ ገጾች ማድረግ። የዚህ ድርብ ሽፋን ዳር ክፍት ቢሆን ጭራዎቹ ለውኃ ይጋለጡ ነበር፤ ስለዚህ ሽፋኑ ዞሮ ራሱን ይዘጋል፣ ከረጢትም ይሆናል። ይህን ለመሥራት ሠራተኛም ንድፍም ጉልበትም አይጠየቅም። በቀጭን መርፌ የተበሳ ሕዋስ መርፌው ሲወጣ ቀዳዳው የሚደፈነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ወደዚህ እውቀት የመራው መንገድ የጀመረው በኩሬ ዳር ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በለንደን ክላፓም ኮመን በሚባል ስፍራ ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ዘይት ኩሬ ላይ አፍስሶ ዘይቱ ግማሽ ኤከር፣ ማለትም 2,000 ካሬ ሜትር ያህል፣ ሲሸፍንና ሞገዱን ጸጥ ሲያደርግ አየ፤ ሪፖርቱም እ.ኤ.አ. በ1774 ታተመ። ፍራንክሊን ያላደረገው ማካፈል ቀላል ነው። የማንኪያው ይዘት በሽፋኑ ስፋት ሲካፈል ውፍረቱ የሚሊሜትር ሁለት ሚሊዮንኛ ገደማ ይመጣል፤ ይህም የአንድ ሞለኪውል ቁመት ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ አግነስ ፖከልስ የተባለች ጀርመናዊት፣ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሳይኖራት በወላጆቿ ወጥ ቤት ውስጥ፣ በውኃ ላይ የሚዘረጋን የቅባት ሽፋን በሚገፋ ዘንግ እያጠበበች የምትለካበት ገንዳ ሠራች። ውጤቷን በደብዳቤ የላከችለት እንግሊዛዊው ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1891 ኔቸር በተባለው መጽሔት እንዲታተምላት አደረገ። አሜሪካዊው ኧርቪንግ ላንግሚየር ይህን ገንዳ አሻሽሎ ሞለኪውሎቹ ራሳቸውን በውኃው፣ ጭራቸውን በአየሩ አድርገው እንደሚቆሙ አሳየ፤ እ.ኤ.አ. በ1932 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

የመጨረሻውን እርምጃ የወሰዱት ጎርተርና ግሬንደል የተባሉ ኔዘርላንዳውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1925 ከቀይ የደም ሕዋሳት ሊፒዶቹን አውጥተው በገንዳው ውኃ ላይ ዘረጉ። ቀይ የደም ሕዋስን የመረጡት ከውጫዊው በቀር ሌላ ሽፋን ስለሌለው ነው። የተዘረጋው ሊፒድ ስፋት የሕዋሳቱን ገጽ ሁለት እጥፍ ሆነ፤ ሽፋኑ ድርብ ነው ማለት ነው። በኋላ እንደታወቀው ሊፒዱን ሙሉ በሙሉ አላወጡም፣ የሕዋሱንም ገጽ አሳንሰው ገምተው ነበር፤ ሁለቱ ጉድለቶች ተጣፍተው መልሱ ትክክል ወጣ።

ይህ ግድግዳ ውፍረቱ 5 ናኖሜትር ያህል ነው፤ የአንድ ወረቀትን ውፍረት ለመሙላት 20,000 ሽፋኖች ተደራርበው መቀመጥ አለባቸው። ደግሞም የሚፈስ ግድግዳ ነው። እያንዳንዱ ፎስፎሊፒድ በረድፉ ውስጥ በሴኮንድ ሁለት ማይክሮሜትር ያህል ይንሸራተታል፣ ይህም የአንድ ባክቴሪያ ርዝመት ነው። ከአንዱ ረድፍ ወደ ሌላው መገልበጥ ግን ይቸግረዋል፤ ራሱን በቅባቱ መካከል ማሳለፍ አለበትና። ተመራማሪዎቹ ሲንገርና ኒኮልሰን እ.ኤ.አ. በ1972 ባቀረቡት ሥዕል ፕሮቲኖች በዚህ በሚፈስ ሊፒድ ውስጥ ተነክረው ይንሳፈፋሉ፤ ሐሳቡ ከዚያ ወዲህ በዝርዝሩ ቢሻሻልም በመሠረቱ ጸንቷል።

መፍሰሱ ልኩን መጠበቅ አለበት፤ ልኩን የሚወስነውም እንደ እንጨቱ ሸክም የጭራዎቹ መቅናትና መታጠፍ ነው። ሽፋኑ ከረጋ ፕሮቲኖቹ መሥራት አይችሉም፤ ከመጠን በላይ ከላላ ደግሞ ያፈሳል። ስለዚህ በቀዝቃዛ ውኃ የሚኖር ዓሣ በሽፋኑ ውስጥ ብዙ እጥፋት ያላቸውን ሰንሰለቶች ያበዛል። በበረዶ ላይ በሚራመደው አጋዘን እግር ውስጥ ያለው ቅባት ወደ ሰኮናው በቀረበ መጠን ይበልጥ አንሳቹሬትድ ይሆናል፤ እግሩ ከሰውነቱ እጅግ ስለሚቀዘቅዝ ነው። በእንስሳት ሽፋን ውስጥ ኮሌስትሮልም ይገባል። ጠንካራና ጠፍጣፋ ስለሆነ በጭራዎቹ መካከል እየተሰገሰገ በሙቀት ጊዜ እንዳይላሉ፣ በብርድ ጊዜም ተጠጋግተው እንዳይረጉ ያደርጋል።

ግድግዳው የሚያሳልፈውንና የሚከለክለውን የሚወስነው ቅባታማው መካከሉ ነው። ኦክስጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለ ችግር ያልፋሉ። ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ግሉኮስ ከውኃ ጋር የተያያዙ ስለሆኑ አይችሉም፤ የሚያልፉት በምዕራፍ አራት በታዩት የፕሮቲን በሮች ብቻ ነው። ሕዋስ ሶዲየምን ወደ ውጭ፣ ፖታሲየምን ወደ ውስጥ እየገፋ ልዩነት መፍጠር የሚችለው ግድግዳው ስለማያፈስ ነው፤ የነርቭ መልእክት ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ ይቆማል። ብዙ ነርቮች በተጨማሪ ማየሊን በሚባል፣ ከደረቅ ክብደቱ ከመቶ 70 በላይ ሊፒድ በሆነ ሽፋን ተጠቅልለዋል። ራቁት ነርቭ መልእክቱን በሴኮንድ አንድ ሜትር ገደማ ሲያደርስ የተጠቀለለው እስከ 100 ሜትር ያደርሳል።

ግድግዳው ሲፈርስ

ሳሙና ፎስፎሊፒድን የሚመስል ነገር ግን አንድ ጭራ ብቻ ያለው ሞለኪውል ነው። ራሱ ከጭራው ስለሚሰፋ ተሰልፎ ሽፋን አይሆንም፤ ጭራውን ወደ ውስጥ ሰብስቦ ትንሽ ኳስ ይሆናል። ቅባት ሲያገኝ በኳሱ ውስጥ ከትቶ ከውኃው ጋር ይወስደዋል። የሕዋስ ወይም የቫይረስ ሽፋን ሲያገኝ ደግሞ በፎስፎሊፒዶቹ መካከል እየገባ ሰልፉን ያፈርሳል። ኮሮና ቫይረስ ከሰው ሕዋስ የተወሰደ የሊፒድ ሽፋን ስላለው በሳሙና ይበተናል። የፖሊዮ ቫይረስ እንዲህ ያለ ሽፋን ስለሌለው ሳሙና አይበትነውም፤ ቢሆንም እጅ ሲታጠብ ከቆዳው ተነሥቶ ይሄዳል።

እንዶድም በዚሁ መንገድ ይሠራል። በፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር አንድ ወገኑ ውኃ ወዳድ ስኳር፣ ሌላው ወገኑ የኮሌስትሮል ዘመድ የሆነ ቅባታማ አካል ነው፤ አረፋ የሚያወጣውና እድፍ የሚያነሣው ለዚህ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ባለው ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አገኙ። ሳፖኒን በሽፋን ውስጥ ካለው ኮሌስትሮል ጋር እየተጣመረ ሽፋኑን ይበሳል። ልብሱን የሚያነጻውና ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ጠባይ አንድ ነው። አክሊሉ ለማና ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ይህ ግኝት በትምህርት ቤት መጻሕፍት ሰፊ ቦታ ሊኖረው ይገባል።

የሕፃን ሳንባ

የሳንባ የአየር ከረጢቶች በውስጣቸው በስስ ውኃ ይረጥባሉ። የውኃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ ይህ ውኃ ገጹን ለማጥበብ ይጥራል፤ ከረጢቱንም አጨማድዶ ሊዘጋው ይፈልጋል። ይህ እንዳይሆን የሳንባ ሕዋሳት በውኃው ገጽ ላይ የፎስፎሊፒድ ሽፋን ይዘረጋሉ። የዋናው ፎስፎሊፒድ ሁለቱም ጭራዎች ቀጥ ያሉ፣ 16 ካርቦን ያላቸው ስለሆኑ ትንፋሽ ሲወጣ ተጠጋግተው ጥብቅ ይላሉ፤ ከረጢቱም ሳይዘጋ ይቀራል።

ፅንሱ ይህን ቅባት በበቂ መጠን መሥራት የሚችለው በእርግዝናው መጨረሻ ሳምንታት ስለሆነ ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት ይቸገራሉ። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የተዘጋውን ሳንባ እንደ አዲስ መክፈት አለባቸው፤ ጉልበታቸውም ያልቃል። ሐኪሟ ሜሪ ኤለን ኤቨሪ ከጄር ሚድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1959 የሕመሙ ምክንያት የዚህ ሽፋን ጉድለት መሆኑን አሳወቀች። መድኃኒቱ ግን ገና አልነበረም፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ. ኬኔዲ ልጅ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1963 በተወለደ በሁለት ቀኑ በዚሁ ሕመም ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1980 ጃፓናዊው ቴትሱሮ ፉጂዋራ ከላም ሳንባ የተዘጋጀ ቅባት በሕፃናት ሳንባ ውስጥ በማፍሰስ የተሳካ ሕክምና ማድረጉን ገለጠ። ዛሬ ይህ ሕክምና በሚገኝበት ሆስፒታል ሁሉ ብዙ ሕፃናት ይተርፋሉ።

በደም ውስጥ መጓዝ

ውኃ የሚገፋው ነገር ውኃማ በሆነው ደም ውስጥ እንዴት ይጓዛል? ችግሩ የሚጀምረው በአንጀት ነው። ጉበት ከኮሌስትሮል የሚሠራው ሐሞት ቅባቱን እንደ ሳሙና በትኖ ጥቃቅን ጠብታ ያደርገዋል፤ ከቆሽት የሚመጣው ሊፔዝ የተባለ ኤንዛይም ይቆራርጠዋል። የአንጀት ሕዋሳት ቁርጥራጩን ተቀብለው መልሰው ትራይግሊሰራይድ ያደርጉትና በፎስፎሊፒድና በፕሮቲን ጠቅልለው ይልኩታል። ቅባት የበዛበት ምግብ ከተበላ በኋላ የተወሰደ ደም ሲዘቅጥ ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ ወተት መስሎ የሚታየው በእነዚህ ጥቅሎች ነው።

ኤልዲኤል የሚባለው ጥቅል ኮሌስትሮልን ለሕዋሳት ያደርሳል። በደም ውስጥ ሲበዛ በደም ቅዳ ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ቦታው ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ሲቀደድም በላዩ የረጋ ደም የልብን ወይም የአንጎልን ቧንቧ ይዘጋል። ተመራማሪዎቹ ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን በልጅነታቸው የልብ ሕመም የሚይዛቸውን ሰዎች ሲያጠኑ፣ ሕዋሳት ኤልዲኤልን ከደም የሚስቡበት የፕሮቲን መያዣ በእነዚህ ልጆች ላይ የጎደለ መሆኑን ደረሱበት፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ኖቤል ተሸለሙ። ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ በ1970ዎቹ ከሻጋታ ያገኘው ንጥረ ነገር የስታቲን መድኃኒቶች መነሻ ሆነ። ስታቲን ጉበት ኮሌስትሮል እንዳይሠራ ያግዳል፤ ጉበቱም የጎደለውን ለመሙላት ብዙ መያዣ አውጥቶ ኤልዲኤልን ከደም ይስባል።

በሰውነት ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል አብዛኛውን የሚሠራው አካሉ ራሱ ነው፤ የደሙን መጠን ከሚበላው ኮሌስትሮል ይልቅ የሚበላው ሳቹሬትድ ቅባት ይበልጥ ይጨምረዋል። በፓልም ዘይት ጀሪካን ላይ ከኮሌስትሮል ነፃ ተብሎ ቢጻፍ እውነት ነው፤ ከዕፅዋት የተገኘ ዘይት ሁሉ ነፃ ነው ማለት ይቻላል። ገዢውን የሚጠቅመው ግን ስንት ሳቹሬትድ ቅባት አለበት የሚለው ቁጥር ነው።

ግድግዳ የማያግዳቸው

ኮርቲሶል፣ ኢስትሮጅንና ቴስቶስትሮን የሚሠሩት ከኮሌስትሮል ነው። ቅባታማ ስለሆኑ የሕዋሱ ሽፋን አያቆማቸውም፤ ያለ በር አልፈው እስከ ጂኖቹ ድረስ ይደርሳሉ። እንደ ኢንሱሊን ያሉ የፕሮቲን ሆርሞኖች በር ላይ ቆመው መልእክታቸውን በሌላ ያስተላልፋሉ። ቫይታሚን ዲም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ በቆዳ ውስጥ ያለ የኮሌስትሮል ቅርብ ዘመድ በፀሐይ ጨረር ሲመታ ይሠራል። የመስኮት መስታወት ይህን ጨረር ስለሚያስቀር ሕፃንን በመስኮት በኩል ፀሐይ ማሞቅ ለዚህ አይረዳም።

ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ በቅባት የሚሟሙ ስለሆኑ ወደ ሰውነት የሚገቡት ከቅባት ጋር ነው። በጎመንና በካሮት ውስጥ ያለው፣ አካል ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቀለም ጥቂት ዘይት ሲነካው ይበልጥ ይመጠጣል። በውኃ የሚሟሙት ቫይታሚኖች ትርፋቸው በሽንት ይወጣል፤ ቫይታሚን ኤ ግን በጉበት ይከማቻል። ከመጠን በላይ ሲወሰድ የሚመርዘው ለዚህ ነው፤ ዳፍንትን ለመከላከል ለሕፃናት የሚሰጠው ጠብታ በስድስት ወር አንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃውም ለዚሁ ነው።